አሮጌ ቲቪ ጌም ላላችሁ፦ ከዚራ ያሉትን ባለሙያ ላመስግን፣ ልጠቁማችሁም

የድሬና የሐረር ልጆች፣ በተለይ አሮጌ ጌም ማሽን የምትሰበስቡ ወይም የአባት የአጎት ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጣችሁ፣ ይህቺን አንብቡልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስማቸውና ስልካቸው እንዲህ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። የሠሩልኝን ሳልናገር ማለፍ ግን ነውር መሰለኝ።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው አታሪ 2600 ነው። አጎቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ጂቡቲ ይኖር ከነበረ ፈረንሳዊ ገዝቶ ያመጣው ነው። ማሽኑ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሆን የኛው ለፈረንሳይ የቴሌቪዥን ሥርዓት ተብሎ የተሠራው፣ ሴካም የሚባለው ዓይነት ነው። ሰብሳቢ ይህን ዓይነት ለይቶ ያየዋል፤ ምክንያቱም የአሜሪካው 128 ቀለም፣ ለሌሎች የአውሮፓ አገሮች የተሠራው፣ ፓል የሚባለው 104 ሲያወጣ የፈረንሳዩ የሚያወጣው 8 ብቻ ነው። ያው ጨዋታ ፍጹም ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል።

ከሳቸው በፊት ያየው ሰው ሁሉ ወይ «አልቆለታል» ብሎኛል፣ ወይ ቦርዱን ቆርጠን የቪዲዮ ገመድ እንቀጥልለት ብሎኛል። እሳቸው ካቻቢቴ ሳያነሱ ገልብጠው የጀርባውን ጽሑፍ አነበቡና «ይሄማ የፈረንሳይ ነው ልጄ፤ ደህና ቢሆንም በናንተ ቴሌቪዥን አይታይም» አሉኝ። የፈረንሳይ የቴሌቪዥን ምልክት ብርሃንና ጥላው ከኛው የተገለበጠ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ማሽን እንኳ እኛ ቤት የተበላሸ ይመስላል። ድሮ ከጂቡቲ በባቡር የሚመጡትን ቴሌቪዥኖች ሲጠግኑ ስለኖሩ ነገሩ ለሳቸው አዲስ አይደለም።

ከዚያ ከፈቱትና ቴስተር ሰኩበት። 9 ቮልት ይገባል፣ 5 ሆኖ መውጣት ያለበት አይወጣም፤ 7805 የምትባለው ሬጉላተር ተቃጥላለች። እሷንና ያበጡትን ካፓሲተሮች ቀየሩ። ልቤን የነካው ቀጥሎ ያደረጉት ነው። የነቀሏቸውን አሮጌ ዕቃዎች አልጣሉም፤ እያንዳንዷን በትንሽ ፌስታል አድርገው፣ ከየትኛው ቦታ እንደወጣች በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ቦርዱ ላይ አንዲት መስመር አልተቆረጠችም። ለማየት የሚያስፈልገውን የፈረንሳይ ሥሪት ቴሌቪዥን ደግሞ ከራሳቸው ዕቃ ቤት አውጥተው በተመጣጣኝ ዋጋ ሸጡልኝ። ማሽኑን ለቴሌቪዥኑ ከመለወጥ ቴሌቪዥኑን ለማሽኑ ፈለጉለት ማለት ነው። ለሰብሳቢ ከዚህ የበለጠ ባለሙያ የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጣል። አንድ ሻጭ «ፕሮቶታይፕ ነው» ብሎ ልባስ የሌለው የአታሪ ካሴት በከባድ ገንዘብ ሊሸጥልኝ ነበር። ፕሮቶታይፕ ማለት ፋብሪካው ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ለሙከራ የሚሠራው ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። ሶኒና ኔንቲዶ አብረው ጀምረው የተዉት የ«ኔንቲዶ ፕሌይስቴሽን» ጌም ማሽን ናሙና በ2020 እ.ኤ.አ. በጨረታ በ360,000 ዶላር ተሸጧል። እሱም ቢሆን ሲዲ ማጫወቻው አይሠራም ነበር፤ ቤን ሄክ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ነው ከዓመታት በፊት በትዕግስት ያስነሳው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ማን እጅ እንደሚገባ ወሳኝ ነው።

ሻጩን አስፈቅጄ ካሴቱን ይዤላቸው ሄድኩ። ጨዋታውን የያዘው ቺፕ ኢፕሮም የሚባለው፣ ተጠፍቶ እንደገና የሚጻፍበት ዓይነት ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለችው፤ ምንም አልተሸፈነችም። ገና ሲያዩት ጥቁር ናስትሮ ቆርጠው ለጠፉባት። ኢፕሮም የሚጠፋው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ከዋለ ውስጡ ያለው ሊጠፋ ይችላል። በድሬ ፀሐይ ደግሞ አስቡት!

ቀጥለው አጉሊ መነጽር አድርገው የቺፑን ቁጥር አነበቡልኝ፦ 8612። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱ፣ የኋለኞቹ ሳምንቱ ናቸው። ቺፑ የተሠራው በ1986 እ.ኤ.አ. በ12ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ከሶኬቱ በጥንቃቄ ነቅለው፣ የቴሌቪዥን ሶፍትዌር በሚጭኑበት ፕሮግራመር ውስጡ ያለችውን 4 ኪሎባይት አነበቡ፤ ለሽያጭ ከወጣው ጨዋታ ፋይል ጋር ስናስተያየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ጨዋታው ሪቨር ሬይድ ነው፤ ካሮል ሾው የሠራችው፣ ገበያ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ.። ቺፑ ከጨዋታው ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የተሠራው። ጨዋታው ሳይወጣ በፊት የነበረ ናሙና እንዴት ሊሆን ይችላል?

«ቅጂ ነው። ለመጫወት ከሆነ ግዛው፣ ለታሪክ ከሆነ ገንዘብህን ያዝ» አሉኝ። ሻጩ እኛው ከተማ ያለ ሰው ነው፤ ደስ እንዲለው ወይም እኔን እንዳያስከፉ ብለው ነገሩን ሊያድበሰብሱት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ለምርመራው ገንዘብ ብሰጣቸውም «ካውያ እንኳ አላሞቅኩም» ብለው አልተቀበሉኝም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወደሳቸው የምትሄዱ፣ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን አዳፕተሩንም ያዙ፤ የተሳሳተ አዳፕተር ስንቱን እንደሚያቃጥል ራሳቸው ያሳዩዋችኋል። ቤታችሁ ለማጽዳት ብላችሁ አትክፈቱት፣ የድሮ ወረቀትና ምልክትም አትላጡ። ቀትር ላይ አታገኟቸውም፤ ጠዋት ወይም ሙቀቱ በረድ ሲል ሂዱ። ትክክለኛውን ቦታ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ።