ቹዜንጂ ሐይቅ፦ ፏፏቴውን ቶሎ እዩና ወደ ዳርቻው እለፉ

ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ወዳለችው የጃፓን ከተማ ኒኮ ሄዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኬጎን ፏፏቴ ነው። እውነትም ያምራል። ከቹዜንጂ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ 97 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል፣ በአሳንሰር ወርዳችሁ ከሥር ሆናችሁ ታዩታላችሁ። የሚያናድደኝ ግን ሰዉ ተጋፍቶ ፎቶ ይነሳና ሐይቁን ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል።

ሐይቁ 1,269 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ በበጋ ቶኪዮ በሙቀት ስትቀቀል እዚህ ሹራብ ያስፈልጋል። ከጎኑ ያለው የናንታይ ተራራ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ፈንድቶ ወንዙን ሲገድበው ነው የተፈጠረው። ዓሣ ደግሞ ያን ፏፏቴ ሽቅብ ሊወጣ ስለማይችል ድሮ ሐይቁ ባዶ ነበር። ዛሬ ያለውን ሁሉ ሰው ነው ያመጣው፤ ሂሜማሱ (ባሕር ሳይወርድ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር የሳልሞን ዓይነት)፣ ቀስተ ደመና ትራውት፣ ቡናማ ትራውት፣ ከካናዳ የመጣው ሌክ ትራውትም አለ፣ እሱን በጃፓን ሌላ ሐይቅ አታገኙትም። በጣም ግዙፍ ስለሚሆን አጥማጆቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ውሃ ውስጥ ቆመው ይጠብቁታል።

ጠብሼ እበላለሁ ብላችሁ ግን አትሂዱ። ከ2011ዱ የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ዓሦቹ ላይ ሲዚየም የተባለ ጨረራማ ንጥረ ነገር ስለተገኘ ይዞ መሄድ ተከለከለ፣ በኋላ ለአንዳንዱ ዓይነት ላላ። የቀን የማጥመጃ ፈቃዱን ስትገዙ ጠይቁ። የማጥመጃው ወቅት ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው። ጀልባ ተከራይታችሁ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ እኔ የተከራየሁበት ቤት ይህን ሳይነግረኝ ነው የላከኝ፣ እየቀዘፍኩ ክንዴ ሊወልቅ ነበር።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምሥራቃዊው ዳርቻ ነው። ድሮ ዲፕሎማቶች የቶኪዮን ሙቀት ሸሽተው በጋውን እዚህ ያሳልፉ ነበር። በ1928 የተሠራው የጣሊያን ኤምባሲ የዕረፍት ቤት ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በዛፍ ቅርፊት ተለብጧል፣ ሐይቁ ደግሞ እስከ ሳሎኑ የገባ ይመስላል። በረንዳው ላይ ወንበር አለ፣ ማንም ተነሱ አይላችሁም። የእንግሊዞቹ ቤት አጠገቡ ነው፣ ፎቅ ላይ ሻይ አለ።

የዳክዬ ጀልባዎቹን ለልጆች ተዉላቸው። በጥቅምት የቅጠሉን ቀለም ለማየት የምትሄዱ ደግሞ፣ ወደ ሐይቁ የሚያወጣው የኢሮሃዛካ መንገድ መውጫና መውረጃው ተደምሮ 48 ኩርባ አለው፣ መኪናው ሰልፍ ይዞ ንቅንቅ አይልም። ወይ በጠዋት ውጡ ወይ በሰኔ ሂዱ።