የዘመመ ማርሚታ ለማቃናት፦ ሽቦ፣ ከመነዳሪ፣ ያገለገለ ወይስ አዲስ ማንጠልጠያ ጎማ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ በየጥምዝምዙ ከወለል ሥር «ኳ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ጠርጥሩ። የእኔ ቪትዝም እንዲሁ ነው የጀመራት። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዝም ትላለች፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ኳ ትላለች። ዳር ይዤ ቆሜ ከኋላ ሳያት የጭስ ማውጫዋ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ባምፐሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ስል አንደኛው ማንጠልጠያ ጎማ ተበጥሶ ግማሹ ብቻ ብረቱ ላይ ቀርቷል።

ብዙ ጊዜ ማርሚታ የሚዘመው ቱቦው ስለታጠፈ ሳይሆን የያዘው ጎማ ስላረጀ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «በምን ላንጠልጥለው?» ነው። እኔ ሁሉንም የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ ቱቦው እንዲንቀሳቀስ ይፈቅድለታል ወይ? ሞተር ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር የሚሆን የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሚችለው ጎማው ነው።

ከሽቦ እንጀምር። ርካሽ ነው፣ የትም አይጠፋም። ያን ቀን መንገድ ላይ ያገኘሁት ልጅ ሽቦውን ደርቦ በፒንሳ ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፣ እኔም ደስ አለኝ። ግን ከዚያ በኋላ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ መሪው ሳይቀር ይንዘፈዘፍ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ቱቦው ማርሚታው ውስጥ የሚገባበት ብየዳ ተሰነጠቀ። ለጎማ ያልከፈልኩትን ለብየዳ ከፈልኩ። ሽቦ ቤት እስክትደርሱ ብቻ ይሁን። ስታስሩም ትንሽ ላላ አድርጉት። የላስቲክ ገመድ ግን በጭራሽ፣ ይቀልጣል።

ጎሚስታ ጋ ሄዶ ከመነዳሪ (የመኪና ጎማ ውስጥ የሚነፋውን ላስቲክ) ማስቆረጥ ከሽቦ ይሻላል፣ ምክንያቱም ይሳባል። ችግሩ መሳቡ አለማቆሙ ነው። የማርሚታው ክብደት ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል፣ ቱቦው እንደገና ይወርዳል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጎን የተቆረጠው ክር ስላለው የተሻለ ይይዛል። ቢሆንም የመጨረሻው ማንጠልጠያ ላይ፣ ቱቦው ቀዝቀዝ በሚልበት ጫፍ ብቻ ነው የምፈቅደው። ወደ ሞተር በቀረበ ቁጥር ሙቀቱ ያደርቀዋል።

ያገለገለ ኦሪጅናል ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ከተፈታ መኪና የወጣ ደህና ጎማ ካገኛችሁ ከርካሹ አዲስ ሊበልጥ ይችላል። በጣታችሁ እጠፉትና ቀዳዳዎቹን ውስጣቸውን እዩ፤ ስንጥቅ የሚታየው እዚያ ነው። እንደ እንጨት ከደረቀ ተዉት። ዘይት ጠጥቶ ካበጠም ተዉት።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ «የቪትዝ ስጠኝ» ስለው ባለ ሱቁ «ወንድሜ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው ነው ባለ ሦስቱ?» አለኝ። አላወቅኩም፣ ተመለስኩ። ከቀዳዳው ቁጥር በላይ ደግሞ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይወስናል። በጥቂት ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቱቦው ያን ያህል ዝቅ ይላል። የቀዳዳውን ጠርዝም እዩ፣ ቀጭን ከሆነ ቶሎ ይቀደዳል። ሳብ አድርጋችሁ ስትለቁት ወዲያው መመለስ አለበት። አንዱን ብቻ አትግዙ፤ ሁሉንም ቀይሩ። ሌሎቹ በእርጅና ተለጥጠዋልና አዲሱ ብቻውን ከፍ አድርጎ ይይዝና ቱቦው ወደ ሌላ ጎን ይዘማል።

አንዳንዱ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ያለው የፖሊዩሪቴን (የፕላስቲክ ዓይነት) ማንጠልጠያ ይመርጣል። ጠንካራ ነው፣ ግን ግትር ስለሆነ ንዝረቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ለቤት መኪና አልመክረውም።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ አዲስ የጎማ ማንጠልጠያ በሙሉ ነው። ገንዘብ ካጠረ ተፈትሾ የተገዛ ያገለገለ።

ቤት ውስጥ መሥራት የሚቻለው ጉዳዩ የጎማ ብቻ ከሆነ ነው። ዝገቱን በካቻቢቴ ጫን ስትሉት ከገባ፣ ቱቦው ላይ የተበየደው ማንጠልጠያ ብረት ከተነቀለ፣ ወይም ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ወርዶ ከሆነ ጋራዥ ውሰዱት። ሲበየድ ቱቦው በጎማዎቹ ላይ ተንጠልጥሎና ቦታውን ይዞ ይሁን። ከመበየዱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ እንዲፈታ ጠይቁ።

ራሳችሁ ከሠራችሁ ቱቦው በደንብ ይብረድ። ደሴ ጦሳ ሥር ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ሰፈራችሁ ዘንበል ያለ ከሆነ እባካችሁ ሜዳ ፈልጉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ብሎኬትም አትመኑ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ፎሳ (መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ) ያለው ጋራዥ ሂዱ።

ጎማው አልገባ ሲል የሳሙና ውሃ ቀቡት። ዘይት ወይም ግሪስ ጎማውን ያበላሸዋል። የመጋጠሚያዎቹን ብሎኖች መጀመሪያ አላሏቸው፣ ሁሉንም ጎማ አንጠልጥሉ፣ ቱቦውን መሃል አምጡት። ከባምፐሩ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ከዚያ ከሞተሩ በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ እያጠበቃችሁ ሂዱ።

ሞተሩን ስታስነሱ ደጅ ይሁን። በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት በር ዘግቶ መኪና የሚያሞቅ አለ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። በወፍራም ጨርቅ የቱቦውን ጫፍ ለአፍታ ከለል አድርጉና አንድ ሰው መጋጠሚያዎቹን ያዳምጥ። «ሽሽሽ» ካለ እዚያ ያፈሳል።

ሐረጎን አንድ ጊዜ ወርዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ቱቦው ሲበርድ፣ ብሎኖቹን እንደገና ሞክሯቸው። የእኔ ከሁለቱ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር።