ለደብረ ብርሃኗ ቲቸር ምስጋና፦ ሳይንስን በጭላዳ እጅና በመንዝ በግ ጠጉር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ ልጆችን በእጅ ሥራ ሳይንስ የሚያስተምሩ፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት አሉ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፤ እኛም እንደ ልጆቹ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉምና አንጽፈውም። ሥራቸውን ግን ሳናመሰግን ብንቀር ነውር ይሆንብናል።

ካርቶን ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ዓይን ለጥፎ አንበሳ ማሠራት ለማንም አይከብድም። አንበሳው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጁ ግን ስለ አንበሳ ያወቀው ነገር የለም። ቲቸር የሚያሠሩት እንስሳ ሥራ ሊሠራ ይገባዋል፦ ወይ መቆንጠጥ፣ ወይ ሙቀት መያዝ፣ ወይ ድምፅ መሰብሰብ። እምቢ ካለ ልጁ የተበላሸበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ ያስተካክላል። ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚያ ፍለጋ ላይ ነው።

ከሁሉም የምንወደው የጭላዳውን እጅ ነው። የመንዝ ጓሳን ያየ ሰው ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር በሣር ሲለቅም ያውቀዋል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጫፍ ለጫፍ ስለሚገናኙ ቀጭኗን ሣር ሳይቀር ይነቅላል። ለዚህ ሥራ የጫማ ካርቶን፣ ጥቂት ስትሮዎች፣ የጥልፍ ክር፣ ፕላስተርና ሁለት የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ይበቃል። እጁ ካርቶን ላይ ይሳልና ይቆረጣል። መታጠፊያዎቹ ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ ጠበቅ ተደርጎ ይሰመራል። ስትሮው 1.5 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ተቆርጦ በየአጥንቱ ቦታ ላይ ይለጠፋል፤ በየመታጠፊያው ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። መዳፉ ላይ ለእያንዳንዱ ጣት 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ስትሮ ይጨመራል። ክሩ ጣቱ ጫፍ ላይ በቀዳዳ ገብቶ ይቋጠርና በስትሮዎቹ ውስጥ ወደ እጅ አንጓው ይወርዳል። ሲሳብ ጣቱ ይታጠፋል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ስትሮው መታጠፊያውን አልፎ ከተለጠፈ ጣቱ ደርቆ ይቀራል፤ አጥንት መሐሉ ላይ እንደማይታጠፍ ልጁ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። ክሩ ሳይቋጠር በፕላስተር ብቻ ከተያዘ በሦስተኛው ስበት ይላቀቃል። ኮላ ከተጠቀሙ ደግሞ ወደ ስትሮው ውስጥ ይገባና ክሩን ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ቲቸር ለዚህ ሥራ ኮላ አያስነኩም። አውራ ጣቱም ከሌሎቹ ጎን ተሰልፎ ሳይሆን ለብቻው ተቆርጦ ፊቱን ወደ ሌባ ጣት አዙሮ ነው የሚለጠፈው። አለዚያ እጁ ይጨብጣል እንጂ አይቆነጥጥም።

ክሩ ሲለቀቅ ጣቱ ለምን አይመለስም? ቲቸር ይህን ጥያቄ ልጁ እስኪያነሳው ይጠብቃሉ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ሌላ ጡንቻ በተቃራኒው በኩል መሳብ አለበት፤ ላስቲኩ በእጁ ጀርባ በኩል የሚወጠረው ለዚህ ነው። ከዚያ ልጁ የራሱን ክንድ እንዲጨብጥና ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ያደርጋሉ። ጣትን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ብዙዎቹ ክንድ ውስጥ ናቸው፤ ጅማታቸው እንደዚያ ክር ወደ ጣት ይደርሳል።

የመንዝ በግ ሥራቸው ደግሞ ለብርድ አገራችን የተሰጠ ይመስላል። ሁለት እኩል የድልህ ጣሳ በግ ተደርጎ ይሳልና አንደኛው የታጠበና በደንብ የደረቀ ጠጉር ሁለት ጣት ያህል ወፍሮ ይለብሳል። በየጣሳው 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይጨመራል፤ የሚቀዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጣሳዎቹ ተከድነው የውሃው ሙቀት በየ5 ደቂቃው እስከ 30 ደቂቃ ይለካል። (እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና። ልጆቹ መለኪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል።) የትኩሳት መለኪያ እንዳትጠቀሙ፤ 42 ዲግሪ አካባቢ ያበቃና ይሰበራል። ክዳን ከተረሳ ሙቀቱ በእንፋሎት ከላይ ስለሚያመልጥ በጣሳዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ጠጉሩ በክር አጥብቆ ከታሰረም አይሠራም፤ ሙቀቱን የሚይዘው በጠጉሩ መሐል የታሰረው አየር ነውና። የረጠበ ጠጉርም እንዲሁ ነው። «ጠጉር ያሞቃል» ለሚል ልጅ መለኪያውን ብቻውን በጠጉር ጠቅልለው ሩብ ሰዓት ያስቀምጡለታል። ከክፍሉ ሙቀት በላይ አይወጣም።

የቀይ ቀበሮው ጆሮ ቀላል ነው፦ አንድ ወረቀት ሰፊው አፉ 15፣ ጠባቡ 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይጠቀለላል። ድምፁ ዝቅ ወዳለ ሬዲዮ ሲዞር ልዩነቱ ይሰማል። ጆሮ ውስጥ አይገባም፤ ጆሮ ላይ ይጠጋል እንጂ። ሸረሪትና ንብ ሲሠሩ ደግሞ እግር መቁጠር ብቻ አይበቃቸውም። የንቧ 6 እግርና ክንፎቿ የሚለጠፉት መሐለኛው የአካል ክፍል ላይ ነው፤ የሸረሪቷ 8 እግር ፊተኛው ላይ። ሆዷ ላይ የተለጠፈ እግር ያስነቅላሉ።

ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ለሆኑ ልጆች እንጠቁማቸዋለን። ከአምስት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አይቀበሉም፤ ልክ ናቸው፣ መቀስና ሙቅ ውሃ ባለበት ከዚያ በላይ መጠበቅ አይቻልም። የሚመጡበት ቀን ከመድረሱ በፊት የጫማ ካርቶን፣ ባዶ ጣሳና ያለቀ እስክሪፕቶ አጠራቅሙ፤ ጠጉሩን ቀደም ብላችሁ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እሳቸውን አስፈቅደን እናገናኛችኋለን።

ቲቸር፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።