ነጯ እንስሳ በባነር ላይ፦ ፒያሳ አካባቢ ያለው ማተሚያ ቤት እንዴት ሠራልኝ?

ጎንደር ውስጥ ባነር ማሳተም አይከብድም። የሠርግ፣ የምረቃ ወይም የጥምቀት ባነር ከሆነ የትም ብትሄዱ በአንድ ቀን ይሠራላችኋል። ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ሲመጣ ግን ቤቱ ይለያል። እኔ ያሳተምኩት የአንዲት የዋሻ እንስሳ ሥዕል ነው። ዓይን የላትም። ነጭ ናት። 14 እግር አላት። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንድም አይቷት የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የትምህርት መርጃ ማሳተም ፈልገው የት እንደሚሄዱ ለሚጨነቁ መምህራን ነው።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ ስም የለውም። «ባነር፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ብቻ ይላል። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው አንድ ዝምተኛ ወጣት ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥዕሉ ልንገራችሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እግሩ የበዛ ትንሽ ነገር ሁሉ ነፍሳት ይመስላቸዋል። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ድንጋይ ብታነሱ ከሥሩ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ጀርባዋ እንደ ጥሩር የተደራረበ ትንሽ ፍጥረት ትሮጣለች። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እሷ ነፍሳት አይደለችም። ዘመዶቿ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። የባሕር ዘር ሆና ወደ የብስ የወጣች ናት። እስከ ዛሬም የምትተነፍሰው ከሆዷ ሥር ባሉ ቅጠል መሰል አካላት ነው። እነሱ ደግሞ ካልረጠቡ አይሠሩም። ከድንጋይ ሥር የማትወጣው ለዚህ ነው።

ከእሷ ጎን ዘመዷን ማሳየት ፈለግሁ። ስሟ ቲታኔተስ አልቡስ ነው። አልቡስ በላቲን ነጭ ማለት ነው። መጀመሪያ በሳይንስ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው፤ ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ ነው የገለጻት። ቲታኔተስ የሚለውን የወገን ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1849 ዴንማርካዊው ሺዮተ አወጣ። የምትኖረው ስሎቬኒያ፣ ክሮኤሺያና ሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባሉ ዋሻዎች ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ልጅ ጨለማ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው ብዙ ሳይነገረው ይገባዋል። ሥዕሉን ከፎቶዎች እያየሁ በእርሳስ ሠራሁት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በስልኬ አንስቼ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

ስለ መጀመሪያው ህትመት እውነቱን እነግራችኋለሁ። ባነሩ ሲዘረጋ ክው አልኩ። ነጯ እንስሳ ሁለት ጥቁር ዓይን አውጥታለች! ወጣቱ ሥዕሉን ሲያጸዳ የረሳሁት መስሎት ጨምሮልኛል። ለእሱ እንደ ደግነት ነበር። ለእኔ ግን ባነሩ ዋጋ አጣ። የዚች እንስሳ ትምህርት በሙሉ ያለው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

አልተቆጣሁም። ቦርሳዬ ውስጥ ከሰዓት ጠጋኝ የገዛሁት አጉሊ መነጽር ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከቦዩ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳሁና ግራጫዋን በወረቀት ይዤ ገባሁ። «እስቲ እያት» አልኩት። አጉሊውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። የእሷ ዓይኖች እነሱ ናቸው። ብርሃኑን ከጨለማው ትለይባቸዋለች። «ያቺኛዋ ግን ብርሃን የሚባል ነገር በሌለበት ነው የምትኖረው» አልኩት። «ዓይን ሠርቶ ማኖር ምግብ ይፈጃል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ምግብ ጥቂት ነው። አብዛኛው ጎርፍ ያስገባው ብስባሽ እንጨትና ቅጠል ነው።» ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ መንገዷን በምን ታውቃለች፣ ቲቸር?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከክፍሌ ስንት ጊዜ እጠብቃለሁ!

በአንቴናዋ ነው። ሁለት ጥንድ አንቴና አላት። የመጀመሪያው ጥንድ በጣም ትንሽ ስለሆነ በባዶ ዓይን አይታይም። ሁለተኛው ረጅም ነው። የዋሻዋ ደግሞ ከግራጫዋ ይረዝማል፤ እግሮቿም እንደዚያው። የምትዳስሰውም የምታሸተውም በእሱ ነው። በመጀመሪያው ህትመት ላይ የአንቴናው ጫፍ ጠፍቶ ነበር። መስመሩ ከመቅጠኑ የተነሳ ማሽኑ አልያዘውም። ይህንንም ሲያይ ራሱ «ይህማ ዋናው ነገር ነዋ» ብሎ መስመሩን አወፈረው።

የመጀመሪያው ህትመት ሂሳብ ላይ እትዬ «በይ ተይው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉኝና ሁለተኛውን በነጻ አተሙልኝ። ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ሌላ ቦታ ራሳቸው አበላሽተው እንደገና ያስከፈሉኝ ጊዜ አለ።

ከዚያ ትልቁ ችግር መጣ። ነጭ እንስሳ ነጭ ባነር ላይ አትታይም። እነዚህ ማሽኖች ነጭ ቀለም የላቸውም። ነጭ የሚሆነው ባነሩ ራሱ ነው። ዙሪያዋን በቀጭን ጥቁር መስመር ብንከበው የሕፃናት ማቅለሚያ ደብተር መሰለ። ወጣቱ ግራጫ ጥላ ሞከረ፤ የቆሸሸች መሰለች። በመጨረሻ መደቡን ጥቁር ቡና አደረግነው፤ እርጥብ የዋሻ ግድግዳ መሰለ። እሷም ብቅ አለች! ጀርባዋ ላይ ያሉት ሰባቱ ሰፋፊ ቅርፊቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከእያንዳንዳቸው ሥር አንድ ጥንድ እግር ይወጣል። ከኋላ ደግሞ አምስት ጠባብ ቅርፊቶችና ጫፏ አሉ። ባነሩ ቀለም ስለጠጣ ዋጋው ጨመረ፤ በካሬ 450 ብር የነበረው 520 ገባ። አልተከራከርኩም።

ወጣቱ ከዓይኑ ነገር በኋላ ምንም ነገር ሳይጠይቅ አይነካም። ከባነሩ ታች ጥግ ላይ አንዲት ግልገል ስዬ ነበር። በማግስቱ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ትልቋ 14 እግር አላት። ትንሿ 12 ነው ያለችው። ልጨምር ወይስ ልተው?» አለኝ። አንጀቴን አራሰው። ልክ ነው፤ 12 ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር ባለ ውኃ በያዘ ከረጢት ውስጥ ተሸክማ ትዞራለች። ግልገሎቹ ሲወጡ ስድስት ጥንድ እግር ብቻ አላቸው። ሰባተኛው ጥንድ ቆዳ ከቀየሩ በኋላ ይመጣል። ቆዳ ሲቀይሩም በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ ያወልቃሉ፣ ቆይተው የፊቱን። ድንጋይ ሥር ግማሽ ነጭ ግማሽ ግራጫ የሆነች ካያችሁ ታመመች አትበሉ፤ ልብስ እየቀየረች ነው።

ካርታው ላይ ግን ተጨቃጨቅን። መልኳን ካሳየሁ በኋላ የት እንደምትኖር ማሳየት ነበረብኝ። ወጣቱ የአውሮፓን ካርታ አወጣና ሦስቱን አገሮች በሙሉ ቀይ ቀባ። ጣሊያን እስከ ሲሲሊ ድረስ ቀላች። ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን ውሸት ነው። ጣሊያን ውስጥ የምትገኘው ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ፣ ትሪየስተ አካባቢ ነው። ስሎቬኒያ ውስጥ ፖስቶይና የሚባል ትልቅ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1831 ሉካ ቼች የተባለ የዋሻው ሠራተኛ ዓይን የሌላት ጢንዚዛ ያገኘበት ነው፤ የዋሻ ፍጥረታት ጥናት መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ያ ግኝት ነው። ነጯም እዚያ አለች። እዚያው ውኃ ውስጥ ፕሮቴየስ የሚባል ዓይነ ስውር ባለ ጅራት እንስሳም ይኖራል፤ የእንቁራሪት ዘመድ ነው።

«ለምን ወደ ሌላ አገር አልሄደችም?» አሉ እትዬ፣ ቡና እየቀዱ። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። አገሩ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር አሲድ ይይዝና ያንን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ዋሻ የሚፈጠረው እንዲያ ነው። የእኛ የጎንደር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ነው፤ እንዲያ አይሟሟም። በአገራችን ያንን የመሰለ ዋሻ ማየት የፈለገ ባሌ ሄዶ ሶፍ ዑመርን ይይ። የፋሲል ግንብን ድንጋይ ያያያዘው ግን ኖራ ነው፤ ስለዚህ እትዬ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ነጯ ከኖራው ድንጋይ ከወጣች በፀሐይ ትደርቃለች። ግቢያችን ያለችው ግራጫ ከሆዷ ሥር ነጫጭ ነጥቦች አሏት፤ አየር የምትስብባቸው ትንንሽ ሳንባዎች ናቸው። ነጯ እነዚያ የሏትም። ውኃ ውስጥ ግን ገብታ መቆየት ትችላለች። ስለዚህ አንዱ የዋሻ አካባቢ ለእሷ እንደ ደሴት ነው፤ ዙሪያዋ ደረቅ ባሕር ነው።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ ቀዩን በሙሉ አጠፋው። በምትኩ ከትሪየስተ ተነስቶ ወደ ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ የሚወርድ አንድ ቀጭን ጥላ አደረገ። ከጎኑ ኢትዮጵያን በተመሳሳይ ልኬት አስቀመጠልኝ፤ ልጆቹ እንዲያነጻጽሩ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሃሳቡ የእሱ ነው።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሥራው አራት ቀን ዘገየ። ጄኔሬተር አላቸው፤ ትልቁን ማሽን ግን አይችልም። የአማርኛ ፊደል ምርጫቸው ጥቂት ነው። «አንቴና» የሚለው ቃል መጀመሪያ በአራት ማዕዘን ሳጥን ወጥቶ ነበር፤ በሌላ ፊደል ተስተካከለ። የሚያብረቀርቀውን ባነር አልመክርም። ክፍላችን መስኮቱ በምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ያንጸባርቅና ከኋላ ለተቀመጡት አይታይም። እኔ የማያብረቀርቀውን ነው የያዝኩት። ማንጠልጠያ ቀዳዳውን በአራቱም ጥግ አስበሱ። ሁለት ብቻ ከሆነ ታቹ ይጠቀለላል።

ባነሩ አሁን ከሰሌዳው ጎን ተሰቅሏል። ተማሪዎች ገብተው መጀመሪያ የሚያዩት ጭንቅላቷን ነው። ጠጋ ብለው ዓይን ይፈልጋሉ። አንዷ ልጅ በጣቷ ዳሰሰችውና «እዚህ ጋ ነበር የሚሆነው» አለች። እረፍት ሲሆን አጉሊውን ተውሰው ግቢ ይወጣሉ፤ ድንጋይ ያነሳሉ፤ አይተው ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። መመለሱን አጥብቄ ነው የነገርኳቸው።

ፋይሉ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አለ። ለሌላ መምህር እንዲያትሙ ፈቅጃለሁ። ለሥዕሉ ምንም አትከፍሉም፤ የባነሩን ብቻ። «ዓይን የሌላት» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ስም ነው ያስቀመጡት። መጠኑ 1.20 በ80 ነው። ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ አትሂዱ፤ የሠርግ ሰው ይሞላዋል። ማክሰኞ ጠዋት ከሄዳችሁ ወጣቱ ጊዜ ይኖረዋል፤ አጉሊ መነጽር ካላችሁ ይዛችሁለት ሂዱ፤ አሁንም ይጠይቀኛል።