ከስልክ ጀርባ የሚለጠፈው «የሳተላይት አንቴና» ሽወዳ ነው

ዱባይ ያላችሁ ሐበሾች፣ ይቺን አንብቡና ለጓደኞቻችሁም አድርሱልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራም «ስማርት የሳተላይት አንቴና» የሚባል ዕቃ እየዞረ ነው። ከስልክ ጀርባ የሚለጠፍ ስስ ነገር ነው። «ሳተላይቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ላኩላቸው» እያሉ 400 ድርሃም ይጠይቃሉ። ዴይራ ያለ አንድ ሱቅም ደርድሮ ይሸጠዋል።

አይሠራም። ሊሠራም አይችልም።

ወንድሜ ገዝቶት መጣ። ስልክ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ ፈታሁት። ውስጡ ያለው የመዳብ ወረቀት፣ ትንሽ ባትሪና አረንጓዴ መብራት ነው። መዳቡ ከምንም ጋር አልተያያዘም። «ሳተላይት አገኘ» የሚባለው መብራቱ ሲበራ ነው፤ እሱ ደግሞ ቁልፉን ከተጫናችሁት ምድር ቤት ውስጥም ይበራል።

የሬዲዮ ጨረሩን ራሱ ወደ ሳተላይቱ የሚያዞር አንቴና የለም እያልኩ አይደለም። የስታርሊንክ፣ የሳተላይት ኢንተርኔቱ፣ ሳህን እንደዚያ ነው። ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሳህኑ ሳይነቃነቅ ሳተላይቱን ይከተላሉ። ይህን ያህል መደርደር የተቻለው ግን ከሳተላይቱ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመት 2 ሴንቲሜትር ተኩል አካባቢ ስለሆነ ነው። የሳተላይት ስልክ ኩባንያዎቹ የቱራያና የኢሪዲየም የእጅ ስልኮች መልእክት የሚልኩት በ1.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ፍሪኩዌንሲ ነው። እዚያ ሞገዱ ከ18 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል፤ አንቴናዎቹም እንደተለመደው በግማሽ ሞገድ ይራራቁ ቢባል በመካከላቸው 9 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል። የስልካችሁ ወርድ 7 ወይም 8 ነው። የት ይደረደራል?

ለዚህ ነው ትልቁ አንቴና ሰማይ ላይ የተሰቀለው። ቱራያ 2 የተባለው ሳተላይት የዘረጋው የመረብ አንቴና ስፋቱ ከ12 ሜትር በላይ ነው። ስልኩ ላይ የምታዩት አጭር ወፍራም ዘንግ ሰፊ ሰማይ እንዲያይ ተደርጎ የተሠራ ነው እንጂ ሳተላይት እያሳደደ አይዞርም።

ሻጮቹ ሲጨንቃቸው «ቱራያ ራሱ ከስልክ ጋር የሚያያዝ ሠርቶ የለም እንዴ?» ይላሉ። ሠርቷል። ሳትስሊቭ የሚባለው በ2013 ወጥቷል። እሱ ግን የራሱ ሲም፣ የራሱ ባትሪና የራሱ አንቴና ያለው ሙሉ የሳተላይት መሣሪያ ነው። ሲም ማስገቢያ የሌለውን ዕቃ የትኛው ኩባንያ ደንበኛዬ ብሎ ያገናኘዋል?

የአሜሪካውን ቲ-ሞባይል የሚጠቅሱም አሉ። በ2025 ከስታርሊንክ ጋር የጀመረው አገልግሎት በተራ ስልክ ይሠራል፤ እውነት ነው። ግን ከስልኩ ጀርባ ምንም አይለጠፍም። ሥራውን የሚሠሩት ሳተላይቱና የኩባንያዎቹ ስምምነት ናቸው።

የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ። በካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ባንካችሁ ጋ ቅሬታ አስገቡ። በካሽ ከሆነ ለዱባይ ሸማቾች ጥበቃ አመልክቱ። የቴሌግራሞቹ «ቅድሚያ ላኩ» ካሏችሁ በቃ፣ ዝጉት።

«እንግዲያው እውነተኛውን ቱራያ ገዝቼ ልላክ» ለምትሉ ደግሞ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የሳተላይት ስልክ ያለፈቃድ አይገባም። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሊያዝባችሁ ይችላል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።