ባለ 12 ቮልቱ የመኪና ፍሪጅ፦ በምዕራብ አሜሪካ ፓርኮች ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ፍሪጅ ዛሬ ቢሰረቅብን ነገ ተመሳሳዩን እንገዛለን። ያን ያህል ረክተንበታል። ሆኖም ስለ ፍሪጁ ብቻ ጽፌ ማቆም አልችልም፤ በድንኳን ለሚያድር ሰው የፍሪጅ ግማሹ ባትሪ ነውና። ከመግዛታችን በፊት ያነበብናቸው አስተያየቶች ሁሉ የሚያወሩት ስለ ቅዝቃዜው ነበር። ቅዝቃዜው አንድም ቀን አላስቸገረን። የፈተነን ኤሌክትሪኩ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የየፓርኩ ደንብ።

የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እኔና ባለቤቴ በዛየን፣ በካፒቶል ሪፍ፣ በየሎውስቶን፣ በግራንድ ቲተን፣ በሴኮያና በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርኮች ድንኳን ተክለን አድረናል። ፍሪጁ 45 ሊትር ይይዛል፤ እንደ ቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰር (የሚያቀዘቅዘው ሞተር) አለው። ስሙን የማልጠቅሰው የምናገረው ነገር በዚህ መጠን ለሚሸጡት ለአብዛኞቹ ስለሚሠራ ነው።

ከዚህ በፊት የምንጠቀመው የበረዶ ሳጥን ነበር። በረዶው ይቀልጣል፣ ውኃው ከታች ይጠራቀማል፣ እንጀራው የቱንም ያህል በላስቲክ ቢጠቀለል ጠርዙ ይርሳል። የራሰ እንጀራ ደግሞ በማግስቱ ይሻግታል። በረዶ ለመግዛት ብለን ጥሩ ጥሩ የከሰዓት በኋላ ጊዜዎችን መንገድ ላይ ጨርሰናል። አሁን ያ ቀርቷል፤ ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ዋጋ እሱ ነው።

የአጫጫኑን ነገር በዝርዝር ልናገር፤ በመመሪያው ወረቀት ላይ አይገኝምና። የዚህ ዓይነት ፍሪጅ የሚቀዘቅዘው በግድግዳው በኩል ነው። ግድግዳውን የነካ እንጀራ ይደርቅና ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አራት አራት አጥፈን በንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ በላስቲክ እንጠቀልለውና ከላይ፣ ከመሀል እናስቀምጠዋለን። ከኮምፕረሰሩ በላይ ያለችው ጥልቀት የሌላት ክፍል ከሁሉም ሞቃት ናት፤ የቅቤ፣ የአዋዜና የቃሪያ ቦታ እሷ ናት። ከታች የሚገባው ቤት አብስለን በረዶ ያደረግነው ወጥ ነው። በፍልሰታ ጾም የምስር ወጡና የአተር ክኩ በየሰሀኑ በረዶ ሆኖ ገብቶ ቀስ በቀስ እየቀለጠ ሌላውን ሲያቀዘቅዝልን ሰነበተ። ፍሪጁም በዚያ ጉዞ የሥራውን ግማሽ ብቻ የሠራ ይመስለኛል። ባዶና ሞቃት ፍሪጅ ይዛችሁ አትነሡ፤ በዋዜማው ቤት ሰክታችሁ፣ ሞልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ውጡ።

ሙቀቱን የፈተንነው ዛየን ላይ ነው። እዚያ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባሉት አብዛኞቹ ቀናት በሸለቆው መንገድ የግል መኪና አይገባም፤ ከ2000 ጀምሮ ሰው የሚጓዘው በፓርኩ አውቶቡስ ነው። መኪናችሁ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ትውላለች። ውጭው 40 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን የቬጋስ ሰው ያውቀዋል። ፍሪጁ 4 ዲግሪን አልለቀቀም፤ ኮምፕረሰሩ ግን ዕረፍት አጣ። ቀዝቀዝ ባለ ቀን ከአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ያርፋል። በዚያ ሙቀት ከአርባ ደቂቃ በላይ ይሠራል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ኮምፕረሰሩ በሚሠራበት ሰዓት 45 ዋት ያህል ይወስዳል። ቀዝቃዛ ቀን ላይ በ24 ሰዓት ወደ 360 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሠራበት ሰዓት ሲባዛ) ይመጣል፤ በዛየን ሙቀት ከ700 ያልፋል። የእኛ ተንቀሳቃሽ ባትሪ 1,000 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው። ስለዚህ ግራንድ ቲተን ላይ ሁለት ቀን ያለ ሐሳብ ያቆየናል፤ ዛየን ላይ ግን አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው ከፍሪጁ የበለጠ ገንዘብ አስወጥቶናል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለቱንም የምትገዙበትን ጊዜ ጠብቁ እላለሁ። ፍሪጁን ከመኪናው ባትሪ ጋር አያይዞ ማደር ጠዋት መኪና በማይነሣበት፣ ስልክም በማይሠራበት ጫካ ውስጥ መቅረትን ያስከትላል።

ዛየን ውስጥ ያለው የዋችማን ካምፕ ኤሌክትሪክ ያላቸው ቦታዎች አሉት። በሙቀት ወራት የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ እነሱን ያዙ። ጄኔሬተር እዚያ አይፈቀድም፤ ደግሞም ባይፈቀድ ይሻላል።

የሎውስቶን ላይ ስለ ኤሌክትሪክ መጨነቃችንን ተውን። የፓርኩ ዋና ዙር መንገድ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፍጥነቱም ቢበዛ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር። ጎሾች መንገዱን ሲዘጉ የሚጠፋው ጊዜ ሲታከልበት ቀኑን ሙሉ ስትነዱ ትውላላችሁ፤ ባትሪውም በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት በኩል 100 ዋት ገደማ እየተቀበለ ይውላል። ሌሊቱ በነሐሴ እንኳ ለውርጭ የቀረበ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ከናካቴው ዝም የሚልበት ሰዓት ብዙ ነው። ምግብን በተመለከተም ደንቡ ቀላል ነው፤ መስኮቱ በተዘጋና በተቆለፈ መኪና ውስጥ ፍሪጁ እንደተሰካ ማደር ይችላል።

ዮሰሚቲ ግን ሌላ ነው። እዚያ ከመሸ በኋላ ምግብ መኪና ውስጥ መተው ክልክል ነው። ድቦቹ የመኪና በር መገንጠል ለምደዋልና ምግብም ሆነ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ጭምር፣ በየድንኳኑ ቦታ በተተከለው የብረት ሳጥን ውስጥ ያድራል። ፍሪጁም አብሮ ይገባል። በመሸ ቁጥር ሽቦውን ነቅለን፣ እኔ በአንዱ እጀታ ባለቤቴ በሌላው ይዘን ወደ ሳጥኑ እንወስደዋለን፤ ሲሞላ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሌሊቱን ያለ ኤሌክትሪክ ነው የሚያድረው። ያገኘነው መላ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ወደ 1 ዲግሪ ዝቅ ማድረግና ከራት በኋላ ክዳኑን አለመክፈት ነው። ጠዋት ስንሰካው 6 ወይም 7 ዲግሪ ያሳያል። ለሥጋ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ወደ ዮሰሚቲ አንወስድም። ሳጥኖቹ መጠናቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዳንዶቹ ቁመት ግማሽ ሜትር አይሞላም። 45 ሊትሩ ይገባል። ባለ 60ውን የሚያስቡ ሰዎች ቁመቱን በሜትር ለክተው ይግዙ። ለሁለት ሰው 45 ይበቃል ብዬ የምከራከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሶላር ፓናላችን 100 ዋት የሚል ጽሑፍ አለው፤ ካፒቶል ሪፍ ላይ በጠራ ሰማይ 70 ዋት ሰጥቶናል፤ እኔ ለእሱ ጥሩ ነው እላለሁ። ዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ኤል ካፒታን ብቻውን ከሸለቆው ወለል 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በእንዲህ ያሉ ግድግዳዎች መካከል ፀሐይ ዘግይታ ትገባለች፣ ቀድማ ትጠልቃለች፤ በቀረው ሰዓት ደግሞ ጥዶቹ አሉ።

ከእርጅና ምልክቶች መጥቀስ የሚገባኝ ሁለት ናቸው። የዩታ ቀይ አቧራ በማራገቢያው ወንፊት ውስጥ ይገባና ፍሪጁ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ መሥራት ይጀምራል፤ በደረቅ ብሩሽ ሲጸዳ ይስተካከላል። የክዳኑ መቆለፊያ ደግሞ በኮረኮንች መንገድ ላልቷል። አሁን መንገድ ስንጀምር በቀበቶ እናስረዋለን። የክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ አሁንም በደንብ ይገጥማል፤ ድምፁም ድንኳን ውስጥ አይሰማም።

ከሁሉም ያናደደን ሌላ ነው። በመኪናው የኋላ ሶኬት ስንሰካው፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ ቮልት አነሰኝ ብሎ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱ ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ ቀጭንና ረጅም መሆኑ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ሽቦው ላይ ቮልቱ ይወርዳል፤ ፍሪጁም የመኪናውን ባትሪ ለመጠበቅ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ጥበቃውን ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ማውረድ ችግሩን በከፊል ፈታው። እኛ ግን ፍሪጁን ሁልጊዜ ከተንቀሳቃሹ ባትሪ፣ ባትሪውን ደግሞ ከመኪናው ጋር ማያያዝን መረጥን። ለግሌሲየር ፓርክ ጉዟችን ከመኪናው ባትሪ በወፍራም ሽቦና በፊውዝ በቀጥታ የሚመጣ፣ 500 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ልናስገጥም ቀጠሮ ይዘናል። በእሱ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከሁለት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ መንዳት ይበቃል፤ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ግን አሥር ሰዓት ይፈጃል።