የእማዬን ድምፅ ያተረፈችልኝ ሳጥን

«አንቺ ልጅ፣ ስልክ አታነሽም እንዴ? በይ ቡና ልጠጣ ነው።» እማዬ ስልኬ ላይ የተወችልኝ የድምፅ መልእክት ነው፤ 19 ሰከንድ። ከጀርባዋ ሙቀጫው ይሰማል።

የአባቴን መልእክቶች የስልክ ድርጅት ስቀይር አጥቻቸዋለሁ። ቮይስሜይል፣ ማለትም ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ደዋዩ የሚተወው የድምፅ መልእክት፣ ድርጅቱ ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ መስመሩ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። እዚህ አሜሪካ ስንት ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር!

አይፎኔ ላይ ግን ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ቮይስሜይል ውስጥ ገብቼ መልእክቷን ነካሁ፤ ከዚያ ቀስት የወጣባትን ሳጥን። ፋይልስ የሚባለው የስልኩ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ለእህቴም በቴሌግራም ላክሁላት። ደቂቃ አልፈጀም። ድርጅታችሁ ቪዥዋል ቮይስሜይል (መልእክቶቹን ስልኩ ላይ በዝርዝር የሚያሳየውን) ካልሰጣችሁ ግን ሳጥኗን አታገኟትም።

ቅሬታዬ አንድ በአንድ ማስቀመጡ ነው። 43 መልእክት ነበረኝ፤ አውራ ጣቴ ዛለ። የመጨረሻዋን «እማዬ ቡና» ብዬ ሰይሜ፣ ኮምፒውተሬም ላይ ገለበጥኳት። ቮይስሜይሌ ላይ ያለችውንም አልደመሰስኳትም፤ አላምንም።